የሳንባው ጉበት

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ሳንባው» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት የባንዱ ከበሮ መቺ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ አዳራሹን አቋርጠው፣ ወንበራቸው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ አንዲት ድምፅ በጥሩምባው ይዞ ሳይቆርጣት ቆየ። ሙሽራይቱ ቀሚሷ በር ላይ ተይዞ ብትዘገይ እንኳ ድምፅዋን አልለቀቃትም። ከበሮ መቺው ዱላውን ጥሎ፣ «ይሄ ሰው አይደለም፤ እግር ያወጣ ሳንባ ነው!» አለ። በቃ፣ ስም ወጣ። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ሳንባው የሚባለው ሰው ጉበቱ ላይ አንድ ነገር ተገኘበት ሲባል፣ ሰው ይዘን ወይስ ይሳቅ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሚስቱም ግራ ገብቷት ሁለቱንም አደረገች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ስር የስፌት መኪናዋን አድርጋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትውላለች። ስፒል በአፏ ይዛ መናገር፣ መሳደብና ሻይ መጠጣት ትችላለች። ሳንባው «አለቃ» ነው የሚላት። «ባንድ ውስጥ አንድ አለቃ አለኝ፤ ቤት ስገባ ዋናዋን አገኛታለሁ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሳንባው ለታመመ ጎረቤት ደም ሊሰጥ ሄዶ፣ ደሙን መርምረው ጉበቱ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ እንዳለ ነገሩት። ልብስ ሰፊዋና ልጃቸው ተመረመሩ፤ ነፃ ሆኑ፤ ክትባታቸውንም ወሰዱ። እሱ በየጠዋቱ አንዲት ክኒን ይውጣል፤ በየስድስት ወሩ ደግሞ ሆዱን በአልትራሳውንድ ይታያል። «ቫይረሱ ተኝቷል እንጂ አልሄደም፤ ስለዚህ በር በሩን እናያለን» ብለውታል። ሳንባው ብቻውን ይሄዳል፣ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ይመጣል፣ «ጥሩ ነው አሉ» ይላል፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ሚስቱ አብሬህ ልሂድ ብትል፣ «ምን ልትሠሪ? ጉበቴን ልትሰፊው ነው?» ይላታል።

በዚህኛው ጊዜ ግን ለባንዱ ኮቶች የሚሆን ቢጫ ቁልፍ መግዛት ነበረባት፤ የቁልፉ ሱቅ ደግሞ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነው። አብራው ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ባዶ መቀመጫ ስላልነበረ ቀጥ ብላ ተከትላው ምርመራ ክፍል ገባች።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ደልደል ያለች፣ ሥራዋን ሁሉ እያንጎራጎረች የምትሠራ ልጅ ናት። ሳንባውን ስታይ ፊቷ በራ። «ጋሼ ሳንባው መጡ! ዛሬማ ጠባቂም ይዘዋል!» አለች።

ሳንባው ሸሚዙን አውልቆ አልጋው ላይ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ የዚያን ጊዜ ያየችውን ማመን አቃታት። ደረቱ ተነፋ፤ ሆዱ ጠፋ። ጠፋ ስል ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ድራሹ ጠፋ! በዚህ ዓመት ብቻ የሱሪውን ወገብ ሁለት ጊዜ በስውር አስፍታለታለች፤ እሱም «እጥበት አጥብቦት ነበር፤ ሲለበስ ይኸው ለቀቀ» እያለ ሲለብሰው ኖሯል። አሁን ግን አልጋው ላይ የተኛው፣ ባገባችው ጊዜ የነበረው ቀጭኑ ጥሩምባ ነፊ ነው።

ባለሙያዋ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀባችው። «አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያድርጉና ይያዙልኝ።»

ሳንባው ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ ሳበ። ሆዱ ከጀርባው ጋር ተገናኘ።

«ሆድዎን ዘና ያድርጉት እንጂ ጋሼ።»

«ዘና ብሏል የኔ ልጅ። አፈጣጠሩ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በላይ መቻል አልቻለችም። «አፈጣጠሩ ነው? ወገብህን የማሰፋው እኔ ምን ልሁን? አንተ ሰውዬ፣ ሆድህን ልቀቀው! ሐኪም ፊት ነህ ወይስ ሰልፍ ላይ? ጥሩምባህን ስትነፋ እንደምትተነፍሰው ተንፍስ!»

ባለሙያዋ አፏን በክንዷ ሸፍና ሳቀች። ሳንባው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ብሎ አጉረመረመና ለቀቀው። ሆዱ እንደ ቦካ ሊጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘረጋ። ከዚያ ያንን ሠርግ ቤት የሚያውቀውን ትንፋሽ ሳበ፤ ከደረቱ ሳይሆን ከታች፣ ከቀበቶው ስር ጀምሮ።

«ውይ! ዛሬስ ጉበቱ ራሱ ወርዶ መጣልኝ!» አለች ባለሙያዋ ደስ ብሏት። እያንጎራጎረች መሣሪያውን ጎድኑ ስር ገፋ አደረገችው። ወዲያው እንጉርጉሮዋ ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ጸጥታ ታውቃለች። የስፌት መኪና በመሃል ጸጥ ሲል መርፌ ተሰብሯል ማለት ነው። ባለሙያዋ ምስሉን አቆመችው፤ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ለካችው፤ «አንዴ ደግሞ ይሳቡልኝ» አለች፤ እንደገና ለካችው። «ዶክተሩ ያናግሯችኋል» ብላ በፈገግታ ሸኘቻቸው። ፈገግታው ግን ከዓይኗ አልደረሰም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «አባቴ፣ ጉበትዎ ላይኛው ክፍል ላይ፣ መልኳ ከሌላው የተለየ ክብ ነገር ታይታለች። የወይን ፍሬ ታህላለች።»

«ካንሰር ናት?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይሄን ቃል ሌላው ሰው ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርስበት፤ እሷ ጨርቅ እንደምትቀድ በአንድ ጊዜ ቀደደችው።

«አላውቅም እማማ» አለ ዶክተሩ። «አልትራሳውንድ መኖሯን ነው የሚነግረን፤ ማንነቷን አይነግረንም። ምንም የማታደርግ የደም ሥር ጥቅል ልትሆን ትችላለች። ውሃ የቋጠረች ልትሆን ትችላለች። ግን ይሄ ቫይረስ ያለበት ሰው ላይ አንድ ነገር ስናይ መጀመሪያ የምናጣራው ክፉውን ነው። ደግሞ እስከ ዛሬ በተደረጉት ምርመራዎች አልታየችም። አዲስ የበቀለች ከሆነች መፍጠን አለብን። ዛሬ ለምርመራ ደም ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በደም ሥር ቀለም እየተሰጠ ሲቲ ስካን ይነሣሉ። ቀለሙ ወደ እሷ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ ስናይ ማንነቷን እናውቃለን።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «አዲስ የበቀለች» የሚለውን ነው።

ቁልፉን ሳይገዙ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መስኮት መስኮቱን እያዩ ብዙ ሄዱ። ድንገት ሳንባው ዞር ብሎ፣ «አለቃ» አላት።

«ምነው?»

«ሳንባ ተብዬ ኖሬ ኖሬ በጉበት ብሞት ሰው ምን ይለኛል?»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ከፊት የተቀመጠች ሴት መሀረብ አቀበለቻት፤ ምክንያቱን ሳታውቅ እሷም አብራ ትስቅ ጀመር። ሰው ሲስቅ ዝም ብላ ማየት አትችልም መሰለኝ።

ማታ ልጃቸው መጣች። ልጅቱ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ከትናንሽ ልጆች ጋር ስለምትውል አዋቂውንም እንደ ሕፃን ነው የምታናግረው። ነገሩን ሁሉ ሰምታ አባቷ ፊት በርከክ አለች። «አባባዬ፣ ስማኝ። አንዲት ተከራይ ገብታለች። ውል አልፈረመችም፣ ስሟን አልተናገረችም። እኛ ደግሞ ጎበዞች ነን አይደል? በመስኮት አጮልቀን ማን እንደሆነች እናያለን። ክፉ ከሆነች እናስወጣታለን። ጥሩ ከሆነች ትቀመጥ። እሺ?»

«እሺ» አለ ሳንባው።

«ጎበዝ!» አለችና ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገርዮዋ በዚያ ቤት «ተከራይዋ» ተብላ ቀረች። «ተከራይዋ አደረች?» «ተከራይዋ ዛሬ ዝም ብላለች።» እንዲህ እየተባለ ፍርሃቱ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ተሰጥቶት ተቀመጠ።

ነገሩን ያበላሸው ከበሮ መቺው ነው። ጓደኛውን ሊያጽናና መጥቶ፣ ሻይውን እየማገ፣ «እኔ'ኮ ነግሬህ ነበር» አለ። ነግሮት አያውቅም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስትነፋ ሆድህን ትጨቁነዋለህ። ጉበትህ ምን ይሁን? በለዘ እንጂ! የእኔን አየህ? ከበሮ የሚመታው ክንድ ነው። ጉበቴ ሙሽራ ነው።»

ከበሮ መቺው እንደ ቀልድ የጣላት ነገር ሳንባው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የዚያኑ ቀን ጥሩምባውን ወልውሎ፣ ከሣጥኑ ከትቶ፣ አልጋ ስር ገፋው። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሠርግ አለባቸው። ከበሮ መቺው በማግስቱ መጥቶ ቢለምን፣ «ምላሴን በቆረጠው!» ቢል፣ አልሆነም። ሞኝ የያዘውን አይለቅም እንደሚሉት ሆነ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ያ ጥሩምባ ሲያላዝን፣ «ጎረቤት አሳበድከው!» እያለች ስትጮህ የኖረች ሴት ናት። አሁን ጸጥታው ጆሮዋን አመማት። የስፌት መኪናዋን ካለ ሥራ ትረግጥ ጀመር፣ ድምፅ እንዲኖር።

ከሁሉ የባሰው ግን የራሷ አፍ ነው። ማንም ሳያውቅ በልቧ እንዲህ ትላለች፤ «ዝም ብል ኖሮ አትታይም ነበር። ልቀቀው አልኩት፤ ለቀቀው፤ መጣች። እኔ ነኝ የጠራኋት።» ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሳድዶ አይያዝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የባንዱን ኮት ልትለካው አስነሣችው። «አልነፋም ብዬሻለሁ» አለ።

«ባትነፋም ኮት ለብሰህ ትቀመጣለህ። ቁም!»

ቆመ። ኮቱን አለበሰችውና ሜትሯን በወገቡ ዙሪያ አዞረች። እንደ ልማዱ ሆዱን ሳበ። ቁጥሩን አየች፤ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ዓይኗን ሳትነቅል «በል አሁን ልቀቀው» አለች። ለቀቀው። ሜትሩ ከእጇ ሸርተት ሸርተት እያለ ሄደ፤ አንድ ስንዝር የሚያህል። ሁለተኛ ምልክት አደረገች።

ይሄን ሰው ካገባችው ጀምሮ ሁለት ጊዜ ነው የምትለካው፤ አንዴ በውሸቱ፣ አንዴ በእውነቱ። ልብሱን በእውነቱ ትሰፋዋለች፤ እሱ በውሸቱ የተሰፋ ይመስለዋል። በዚህ ነው ትዳራቸው የኖረው።

ሜትሩን እንደያዘች ቀረች። ስፒሎቹ ከከንፈሯ አንድ በአንድ ወለል ላይ ወደቁ።

«ስማ» አለች። «ሐኪም ቤት ስትሄድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትስበው?»

«እንዴት?»

«እንዲህ ነዋ! ሆድህን ውጠህ፣ ደረትህን እንደ አውራ ዶሮ ነፍተህ!»

ሳንባው ወደ ጣሪያው አየ። «ልጅቷ ወጣት ናት። ሰው ፊት ራቁቴን ተጋድሜ ሆዴን እንደ ጆንያ ልዘርግፈው? እኔም'ኮ ክብር አለኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«አንድ ቀን እንኳ ለቀህላቸው አታውቅም?»

«ባለፈው አንቺ ጮኸሽብኝ ነው እንጂ!»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ኮቱ ውስጥ አስገብታ መዳፏን ከቀኝ ጎድኑ ስር አስቀመጠች። «እስቲ እንደ ጥሩምባህ ሳብ።»

ሳበ። መዳፏ ስር ጠንከር ያለ ነገር፣ እንደሚከፈት መሳቢያ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

«አሁን ደግሞ እንደ ዶሮህ።»

ሆዱን ዋጠ። መሳቢያው ወደ ላይ ተመልሶ ከጎድን ስር ጥፍት አለ።

«ጥሩምባ!» ወረደ። «ዶሮ!» ተሰወረ። «ጥሩምባ! ዶሮ! ጥሩምባ!»

ልጃቸው በር ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። «እማዬ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«አባትሽ በሩን ዘግቶ ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። እየሳቀች ነው፣ እንባዋም ይወርዳል። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሰዎቹ ሊፈትሹ ሲመጡ ላይኛውን ክፍል ዘግቶ ነው የሚያስገባቸው! ተከራይዋ አዲስ ላትሆን ትችላለች! ድሮም ኖራ ይሆናል! ማን አያት?»

ሳንባው ጊዜ ወሰደበት። ነገሩ ሲገባው ወንበር ላይ ዘጭ አለና፣ «እኔን አፈር ያስበላኝ!» ብሎ በሳቅ ተንከተከተ፤ ሆዱ በነፃነት ተናወጠ።

እንደዚያው እንዳሉ ወጡ። እሷ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ እሱ እጅጌው በስፒል የተያዘና ጠመኔ የተሰመረበት ኮት ለብሶ። የአውቶቡሱ ሹፌር «ሠርግ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ልብስ ሰፊዋ «ገና አልታወቀም!» አለችው።

ዶክተሩ በሽተኛ ሸኝቶ ሌላ ሊያስገባ ሲል በር ላይ ያዙት። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ዶክተሩ መጀመሪያ ኮቱን አየ፣ ቀጥሎ ሜትሩን፣ ከዚያ ሳንባውን። «እውነት ነው አባቴ?»

ሳንባው እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው።»

ዶክተሩ ባለሙያዋን አስጠራ። መጥታ እንደሰማች በእጇ ጉልበቷን መታች። «ጋሼ! እኔ'ኮ ያ ላይኛው ጥግ በደንብ አልታይ ሲለኝ አፈጣጠርዎ መስሎኝ! እርስዎ አይደሉም እንዴ አፈጣጠሬ ነው ያሉኝ?» የድሮዎቹን ምስሎች ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈቱ። እውነትም በሁሉም ላይ የጉበቱ ጣሪያ በጎድን ጥላ ተሸፍኗል። የባለፈው ላይ ብቻ ጣሪያው ወርዶ ወለል ብሎ ይታያል፤ ተከራይዋም እዚያው።

ሁሉም ሳቁ። ዶክተሩም ሳቀ፤ ግን ቀድሞ ያቆመው እሱ ነው። «ይሄን መንገራችሁ በጣም ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ግማሽ ዜና ነው። ስላልታየች አልነበረችም እንደማንል ሁሉ፣ ድሮ ነበረች ማለትም አንችልም። ድሮ ብትኖርም ደግ ናት ማለት አይደለም። ሲቲ ስካኑ አይቀርም።»

የልብስ ሰፊዋ ልብ ከወጣችበት ግማሽ መንገድ ወረደች። ዶክተሩ ፊቷን አይቶ ነው መሰል፣ «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት እማማ» አለ። «እርስዎ ያን ቀን ባይጮሁበት ኖሮ ዛሬም አናያትም ነበር። ደግ ከሆነች ምንም አልጎደለም። ክፉ ከሆነች ደግሞ በጊዜ የደረስንባት በእርስዎ አፍ ነው።»

ያንን ሁሉ ቀን በልቧ ተሸክማ የዞረችው ነገር እዚያው ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሜትሯን ብቻ ጠቅልላ ዘረጋችው፣ ጠቅልላ ዘረጋችው።

«ጥሩምባስ?» አለ ሳንባው። «በነፋሁ ቁጥር ጉበቴ እየበለዘ ነው ብለውኛል።»

«ማነው ያለው?»

«አንድ የከበሮ ሊቅ።»

«ጉበት በመንፋት አይበልዝም አባቴ። ይንፉ።»

የሲቲ ስካኑ ቀን ልብስ ሰፊዋ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከባለሙያው አጠገብ እንድትቆም ፈቀዱላት። ሳንባው ትልቁ ቀለበት ውስጥ ተጋድሟል፤ ክንዱ ላይ የቀለሙ መርፌ ተሰክቷል። ማሽኑ ውስጥ የተቀረጸ የሴት ድምፅ አለ። «አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ። ይያዙ።» ሳንባው እንደ ጥሩምባው ሳበ፤ ያዘ። ማሽኑ ዞረ፣ አነሣ፣ ጨረሰ። «ይተንፍሱ» አለች ሴትዮዋ።

ሳንባው አልተነፈሰም።

«ይተንፍሱ ጋሼ!» አለ ባለሙያው በድምፅ ማጉያው። የለም። «ጋሼ፣ አልቋል! ይተንፍሱ!» ሳንባው እንደ ድንጋይ ነው። ባለሙያው ተነሥቶ ሊሮጥ ሲል ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ ልጄ። የባንድ ሰው ነው። አለቃው እጁን ካላወረደ አይለቅም።»

ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች፤ ዓይኑ ከውስጥ ያዛት። ቀስ አድርጋ እጇን አወረደች።

«እፍፍፍፍ!» አለ ሳንባው።

ባለሙያው ላቡን ጠረገ። ቀለሙ ሲገባ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ እንደገና ጥቂት ቆይቶ፣ ባነሡት ቁጥር እጅ የምታነሣውና የምታወርደው እሷ ሆነች። ባለሙያው በመጨረሻ፣ «እማማ፣ ሥራ ከፈለጉ ቦታ አለን» አላት።

የውጤቱ ቀን ሦስቱም መጡ፤ ከበሮ መቺውም ሳይጠራ መጥቶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ ወንበር ሰጣቸውና የማሽኑን ምስል አዞረላቸው። ልብስ ሰፊዋ ስፒል በአፏ የያዘች ይመስል ከንፈሯን ገጥማለች።

«ክፉዋ ብትሆን ኖሮ» አለ ዶክተሩ፣ «ቀለሙን በችኮላ ትጎነጭና ከሌላው ጉበት ቀድማ ትተፋው ነበር። ይቺን እዩዋት። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዟ ብቻ ነካ ነካ አለ። ቆይቶ ወደ ውስጥ ገባ ገባ አለ። በመጨረሻ ሞላች፤ ሞልታም ቀረች። ጨርቅ ጫፉ ውሃ ሲነካው ቀስ እያለ ወደ መሃል እንደሚርሰው ማለት ነው።» ይሄን ያለው ልብስ ሰፊዋን እያየ ነው። «የደም ሥር ጥቅል ናት። የደም ምርመራውም ደህና ነው። ምናልባት ብዙ ዓመት አብራዎት ኖራለች። አትነካም፣ አትቀደድም፣ መድኃኒት አትፈልግም።»

«የተቋጠረች ክር!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ። «የተቋጠረች ክር ናት በለኛ! ልጄ፣ የኔ መሳቢያ ሙሉውን እሷ ነው!» ተነሥታ የዶክተሩን ግንባር ሳመችው፤ ደረቷ ላይ የሰካችው ስፒልም ወጋው። እሱ «አይ!» ሲል ከበሮ መቺው ኮሪደር ላይ ሆኖ ክፉ ነገር የተነገረ መሰለውና እየጮኸ ገባ። ነገሩን ሲሰማ ባዶ ወንበር አንሥቶ በጣቱ ይደበድበው ጀመር። ልጅቱ አባቷን «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያለች ታጨበጭባለች፤ እሱ የሠራው ነገር ያለ ይመስል። ነርስ መጥታ አስወጣቻቸው።

ከመውጣታቸው በፊት ግን ዶክተሩ ግንባሩን እያሻሸ፣ «አባቴ፣ ቫይረሱ እዚያው ነው» አለ። «ክኒኗ በየቀኑ። አልትራሳውንዱ በየስድስት ወሩ። እና…»

«ሆዴን እለቃለሁ» አለ ሳንባው።

እሑድ ሠርጉ ላይ የነፋትን ድምፅ ሙሽሮቹ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ተነሥተው፣ ሊደንሱ እስኪሉ ድረስ ይዟት ቆየ ይባላል። ከበሮ መቺው ነው ያወራው፤ ግማሹን ተቀበሉ።

ስድስት ወሩ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ አብራው ሄደች፤ ማንም «ምን ልትሠሪ?» አላላትም። ክፍሉ ውስጥ ባለሙያዋ ሦስት ተማሪዎች ይዛ ትጠብቃለች። «ይኸውላችሁ ያልኳችሁ ሰው» አለቻቸው። ሳንባው ሸሚዙን አወለቀ፣ አልጋው ላይ ወጣ፣ ሆዱን ሳይጠየቅ ለቀቀው። ሆዱ ተዘረጋ። ተማሪዎቹን በኩራት ዞሮ አያቸው። «በደንብ እዩ ልጆቼ። ሆድ እንዲህ ነው የሚለቀቀው።»

«አየር ይሳቡ ጋሼ፤ ይያዙ።»

ከቀበቶው ስር ጀምሮ ሳበ። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ራስጌ ቆማ ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። ማያው ላይ ጉበቱ ወረደ፤ ተከራይዋም ድሮ ቦታዋ ላይ ብቅ አለች። ባለሙያዋ ለካቻት። ያው ናት፤ አልገፋችም፣ አልሰፋችም። በሩ ተከፍቶላት ላይኛውን ክፍል፣ ጥጉን፣ ጓዳውን ሁሉ ፈተሸችው። ሌላ ማንም የለም። እንጉርጉሮዋ ተመልሶ መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ግን እጇን አላወረደችም። አንዴ ደግሞ በደንብ ማየት አማራት። ይሄን ሁሉ ዓመት ስታለብሰው የኖረችውን ሰው ውስጡን እያየች፣ ጸጥ ብላ፣ እጇን ሰቅላ ቆመች። ሳንባው ዓይኑን ፈጥጦ እጇን ያያል። ባለሙያዋም ሳታውቀው ትንፋሿን ያዘች፤ ተማሪዎቹም እጇን እያዩ ያዙ፤ ፊታቸው ቀላ። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ።

«አለቃ» አሉ የሳንባው ዓይኖች።

ሳቀችና እጇን አወረደች። ክፍሉ ሙሉውን ተነፈሰ።